ፈሪው ጀልበኛ

መርከቧ ከደሴቷ ዳርቻ ራቅ ብላ ቆመች። ባህሩ ሸሽቶ ስለነበር ከዚያ በላይ መጠጋት አልቻለችም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ በመሰላል እየወረደ ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ሲገባ ዴኦሊንዳ ግን የመደገፊያውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በዋና ከተማው በማፑቶ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ባህር በመጽሐፍ ተምራለች። አሁን ደግሞ የመመረቂያ ጥናቷን ለመሥራት አንድ ሴሚስተር ደሴቷ ላይ ባለው የምርምር ጣቢያ ልታሳልፍ መምጣቷ ነው። ባህር ላይ ስትወጣ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከታች አንድ ወጣት ጀልባው ላይ ቆሞ ሽቅብ ያያታል።

«ማና፣ እህቴ፣ ነይ እንጂ! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

«ዓይኔን ልጨፍን?»

«ከጨፈንሽማ ጀልባውን ስተሽ የምትወድቂው እኔ ላይ ነው።»

ጀልባው ውስጥ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ብረቱን አሁንም አለመልቀቋን አይቶ ወጣቱም ፈገግታውን ተወ።

«እሺ፣ እኔን ተመልከቺ። ውሃውን አይደለም፣ እኔን። ሞገዱ ጀልባውን ወደ ላይ ሲያነሳው ‹አሁን› እልሻለሁ። ያኔ ብቻ ትረግጫለሽ።»

አየችው። ፀሐይና ጨው ያጠቆረው፣ ረጋ ያለ ፊት ነበር።

«አሁን!»

ረገጠች። የያዛት እጅ በገመድ የሻከረ ነበር። ያንን እጅ እስካሁን አለመልቀቋን ያወቀችው ዳር ሲደርሱ ነው።

ወጣቱ ናፍታል ይባላል። እዚያው ደሴት ተወልዶ ያደገ፣ አስረኛ ክፍል ጨርሶ የጣቢያው ጀልበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ነው። በማግስቱ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኦርላንዳ ሁለቱን ጠርተው፣ «ናፍታል፣ ዴኦሊንዳን የምታመላልሳት አንተ ነህ። ጥናቷ እስኪያልቅ አደራ» ሲሏቸው፣ ዴኦሊንዳ ከራሷ ጋር የነበራትን ሙግት ገና አልጨረሰችም ነበር። ጥናቱን ልተወው? ወይስ ለዶክተሯ እውነቱን ልናገር?

እውነቱ ይህ ነው። አባቷ ካሆራ ባሳ ሐይቅ ላይ ካፔንታ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነፋስ ጀልባውን ገለበጠበት፤ አስከሬኑ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። እናቷ ዶና ፌሊስቤርታ ያላትን ሁሉ ሸጣ፣ ልጇን ይዛ፣ ከጉድጓድ ውሃ ሌላ ውሃ ወደማይታይበት ወደ ደጋው አገር ወደ ኡሎንግዌ ወጣች። እዚያ ድንች እየሸጠች ልጇን አስተማረች። ዴኦሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ «ባዮሎጂ ነው የማጠናው ማማ» አለቻት። የባህር የሚለውን ቃል ዋጠችው።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እናቷ ስትደውል የሞገዱ ድምፅ ከጆሮዋ አላመለጠም።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ቬንቲሌተር ነው ማማ። ላብራቶሪው ይሞቃል።»

«ታዲያ ልጄ እንዳይበርድሽ ራቅ በይ።»

ስልኩን ስትዘጋ አፏ መሮ ነበር።

ጥናቷ ስለ ባህር ሳር ነው። ከጣቢያው በጀልባ ግማሽ ሰዓት ተሂዶ፣ ባህሩ ሲሸሽ ብቻ የሚገለጥ ሰፊ የአሸዋ ጉብታ አለ። ዴኦሊንዳ በየአስራ አምስት ቀኑ እዚያ ትወርድና ከፕላስቲክ ቱቦ የተሠራ ካሬ በሠላሳ ቦታ እየጣለች፣ በውስጡ ያለውን ሳር አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ የቅጠሉንም ርዝመት በማስመሪያ ትለካለች። እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፣ ናፍታል ይጽፋል። ሦስት ሰዓት ያህል አላቸው። ከዚያ ባህሩ ይመለሳል።

«አርባ ሰባት።»

«አርባ ሰባት። ያኔም ሳር፣ ዛሬም ሳር። ከብት የለሽም፣ ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ዓሣው ልጆቹን የሚያሳድገው እዚህ ውስጥ ነው። ሳሩ ካለቀ ምን ልትበሉ ነው?»

«እሱንማ እናቴም ታውቀዋለች። እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ አልገባችም።»

ሳቀች። ጉብታው ላይ የሳቀችው ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቋን ስትጨርስ ግን ውሃው የት እንደደረሰ ቀና ብላ አየች። በየደቂቃው ታያለች። ናፍታልም ይህን ማየቷን ያያል። ከወረዱ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላቸው ደብተሩን ይዘጋል። «በቃ፣ እንሂድ» ይላል። አንድ ቀን እንኳ አሳልፎ አያውቅም።

በሁለተኛው ወር፣ ባህሩ ሳህን ላይ እንዳለ ውሃ ጸጥ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ናፍታል መንሳፈፍ ሊያስተምራት ዳር ዳሩን ወሰዳት። ወገብ እንኳ የማይደርስ ውሃ ነው። ሁለት ጣቱን ከጀርባዋ ሥር አድርጎ፣ «ክብደትሽን ስጪው። ባህሩ የሚጥለው የሚታገለውን ነው» አላት። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰማዩንና የእሱን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማችም።

ቀና ብላ፣ «ምን አልክ?» አለችው።

«ምንም።»

ዓይኑን ወደ ጀልባው መለሰ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያስፈራት ደግሞ ባህሩ አልነበረም። ውሃ ሊወስደው የሚችል ሰው ልቧ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ያን ሌሊት ነው ያወቀችው። አባቷ ሲመሽ የዘገየ እንደሆነ እናቷ በር ላይ ቆማ ቀሚሷን በጣቷ እየጠቀለለች የምትጠብቀው ጥበቃ ታያት። እኔም እንደ እሷ ልቆም ነው? አለች በልቧ።

በሚቀጥለው የቆጠራ ቀን ናፍታል ጀልባውን አልፈታም። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እሱ ግን ወደ ደቡብ አሻግሮ እያየ፣ «ዛሬ አንሄድም» አለ።

«ምን ሆነህ? ነፋስ የለ፣ ደመና የለ!»

«አላማረኝም።»

ዓሣ የሚያጠምደውና ሰው የሚያመላልሰው ጄሬሚያስ ከትልቁ ጀልባው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ማና፣ ይሄንን ልጅ አታውቂውም እንዴ? ደሴቱ ሁሉ ‹ፈሪው› ነው የሚለው! ደመና ሲያይ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ነው የሚገባው።»

ናፍታል የጀልባውን ገመድ መልሶ አጠበቀ። ቀኑ እንዲሁ እንደጠራ፣ አንዲት ነፋስ ሳትነፍስ መሸ። ዴኦሊንዳ የአስራ አምስት ቀን መረጃ አመለጣት። ንዴቷን ይዛ ጀልባው ዘንድ ሄደች።

«ዝም ብለህ ነው ያስቀረኸኝ!»

«አዎ፣ ተሳስቻለሁ። ነገም ልሳሳት እችላለሁ።»

«አታፍርም?»

«አፍራለሁ። አፍሬ ቤቴ እገባለሁ። መግባቱ ነው ዋናው።»

ይህን ሲል ምን እንደነካት አታውቅም፤ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ስለ አባቷ ነገረችው። ለማንም አልነገረችውም ነበር። ናፍታል አጠገቧ ተቀምጦ እስክትጨርስ ሰማት።

«ታዲያ ለምን ባህር መረጥሽ?»

«ቤታችን ውስጥ የውሃ ነገር አይነሳም። ስሙን የማልጠራው ነገር ዕድሜ ልኬን ሲያባርረኝ ይኖራል ብዬ ፈራሁ።»

እጇን ያዘ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የሆነው ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው። እናቱ ከአሸዋ ቆፍራ ያወጣችውን የባህር ቀንድ አውጣ በኮኮናት ቀቅላ በሳህን ትልክላታለች። ሲጽፍ የቁጥሩን ዳር በትንሽ ዓሣ ሥዕል ያስጌጥላታል። ጀልባው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ይነካካል፣ አንዳቸውም አያሸሹም። እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ የሚል ቃል ግን ከማናቸውም አልወጣም። እሷ ፈርታ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ጀልበኛ ለአንዲት የተማረች ልጅ ምን ይዤ እቀርባለሁ እያለ ተስፋ ይቆርጥ ነበር።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሠላሳ ቦታ ቆጥራ ልትጨርስ ሦስት ቀራት። ናፍታል ደብተሩን ዘጋ።

«በቃ፣ እንሂድ።»

«ሦስት ብቻ እኮ ነው! ባለፈው ያስቀረኸኝን አስታውስ። አስር ደቂቃ ስጠኝ፣ ናፊ። እባክህ።»

ወደ ደቡብ አየ። መልሶ እሷን አየ። ናፊ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አስር ደቂቃ» አለ።

አስሩ ሃያ አምስት ሆነ። የመጨረሻውን ካሬ ስታነሳ ጀርባዋን ቅዝቃዜ ነካት። ቀና ስትል ባህሩ መልኩን ቀይሯል። የደቡቡ ነፋስ ሳይታሰብ መጥቶ ነበር፤ የጀልባው መልህቅ ከአሸዋው ተነቅሎ ጀልባው ባዶውን ይሄዳል። ጉብታው ደግሞ ከዙሪያው እየጠበበ ነው።

ናፍታል ክንዷን ይዞ እየሮጠ ወደ ጉብታው አናት ወሰዳት። ለምልክት የተተከለ የብረት ምሰሶ እዚያ አለ።

«ይሄን ያዢ። ምንም ቢመጣ አትልቀቂ። ውሃው ደረትሽ ድረስ ይመጣል። ከዚያ በላይ እስኪሆን ግን ጊዜ አለን።»

«አንተስ?»

«ጀልባውን ይዤ እመለሳለሁ።»

አባቷም እመለሳለሁ ብሎ ነበር የወጣው። «አትሂድ!» ሳትለው ሮጠ። ውሃው ውስጥ ሲገባ አየችው። ራሱ ከሞገዱ መሃል ብቅ ጥልቅ ሲል አየችው። ከዚያ አላየችውም።

ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ጉልበቷ ደረሰ። ሳሩ እግሯ ሥር ይተኛል፣ ይነሳል። ስሙን ጠራች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ለእሷው መለሰላት። ወገቧ። ደረቷ። እናቴ እዚህ መሆኔን እንኳ አታውቅም አለች። ላብራቶሪ ውስጥ ያለች ልጇ እንዴት ባህር ውስጥ እንደሞተች ማን ያስረዳታል? ይህ ሐሳብ ከውሃው ይልቅ አነቃት። ሞገድ እግሯን ከአሸዋው ሲያነሳው ለመታገል ሞከረች፣ ጨው ዋጠች፣ አሳላት። ከዚያ ምሰሶውን በአንድ እጇ ይዛ ክብደቷን ለውሃው ሰጠችው። ተንሳፈፈች።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። የሞተር ድምፅ ስትሰማ እንኳ አላመነችም ነበር።

ናፍታል ከብብቷ ሥር ይዞ ወደ ጀልባው ጎተታት። ፊቱን ስታየው የሚያለቅስ መሆኑን አወቀች።

«ደርሰሃል እኮ» አለችው። «ይኸው ደርሰሃል።»

«ያንን አስር ደቂቃ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ለዶክተሯም፣ ለእናቴም። ላንቺ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። ስለምወድሽ ነው ያቃተኝ፤ ይገባሻል? የምወድሽ ከሆነ የምገድልሽ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ዳር ካወጣት በኋላ ፊቱን አዙሮ፣ «ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይውሰድሽ» አለና ሄደ።

በቀጣዮቹ ቀናት በጓሮ ሲያልፍ ታየዋለች፤ ቀና አይልም። በሦስተኛው ቀን ስልኳን አንስታ ለእናቷ ደወለች። ሁሉንም ነገረቻት። ባህሩን፣ ጉብታውን፣ ምሰሶውን፣ ናፍታልን። እናቷ አልጮኸችም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በስድስተኛው ቀን መርከቧ ስትመጣ ዶና ፌሊስቤርታ ውስጧ ነበረች። ከኡሎንግዌ ማፑቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ ከማፑቶ ደግሞ በባህር። ውሃውን እንዳታይ ካፑላና የሚሉትን የሴቶች ጨርቅ ከራሷ እስከ አገጯ ተከናንባ፣ ጄሬሚያስ ደግፎ ዳር አወጣት። ጨርቁን የገለጠችው አሸዋ ስትረግጥ ነው። ልጇን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰቻት፣ ከዚያ በጥፊ መታቻት፣ ከዚያ አቅፋት አለቀሰች።

«ዕቃሽ የታለ? ሰብስቢ። እንሄዳለን።»

«ማማ፣ መርከቧ ተመልሳለች። ሌላ የምትመጣው ከነገ ወዲያ ነው።»

«ከነገ ወዲያ? እዚህ አንዲት ሌሊት አላድርም! እነዚህ ጀልባዎች ሥራቸው ምንድን ነው?»

ናፍታል ትንሽ ራቅ ብሎ ገመድ ይጠግን ነበር። ዶና ፌሊስቤርታ አየችው፤ ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ገባት።

«አንተ ነህ ናፍታል ማለት?»

ተነስቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ልጄን አንተ ነህ ውሃ ውስጥ ትተሃት የሄድከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አሁን ወደ ማፑቶ አሻግረን።»

ባህሩ ተኝቶ ነበር። ናፍታል ወደ ደቡብ አየ። ዴኦሊንዳም አብራ አየች፤ አንዳች አልታያትም።

«ዛሬ አላሻግርዎትም እናቴ። ነገ ጠዋት አያለሁ።»

«ለምን?»

«ነፋስ ሊመጣ ይችላል።»

«ነፋስ! የታለ? ልጄን ለማስቀረት የፈጠርከው ተንኮል ነው!»

«ተንኮል ቢሆን እርስዎን ሸኝቼ እሷን አስቀር ነበር። ልሳሳት እችላለሁ። ግን እርስዎንም እሷንም ይህ ባህር ላይ አላወጣም።»

ጄሬሚያስ ጀልባውን እየገፋ መጣ። «እናቴ፣ ይሄንን ፈሪ ተዪው። ይኸው እኔ አለሁ! ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማፑቶ ነሽ።»

ዶና ፌሊስቤርታ አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። «ነይ ዴኦሊንዳ።»

«አልገባም ማማ።»

«ምን አልሽ?»

«አንቺም አትግቢ። አንድ ጊዜ ልቤ እያወቀ ለምኜ አስቆየሁት፤ ሞቼ ነበር። ከእንግዲህ እሱ አይሆንም ካለ አልለምነውም።»

እናትየው እግሯን ውሃው ውስጥ እንዳደረገች ቆማ ቀረች።

«እናቴ፣ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለ ጄሬሚያስ።

«ዝም በል አንተ!»

ከውሃው ወጣች። ጀርባዋን ለባህሩ ሰጥታ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሰዓት አለፈ። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ጄሬሚያስ እያፏጨ መረቡን ያበጥራል። ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል የኮኮናቱ ዛፎች ራሳቸውን ወደ ሰሜን አዘነበሉ። ቀጥሎ ባህሩ ነጭ ሆነ፤ ዳር እስከ ዳር። ጄሬሚያስ ጀልባውን ሊያወጣ ሲሮጥ ወደቀ፤ ናፍታል ደርሶ በሌላው ጎን ያዘለትና ሁለቱ እየጎተቱ አወጡት። ዶና ፌሊስቤርታ ዞራ ቆማ ይህን ሁሉ አየች።

ሲመሽ የጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ አልበረደም።

«አባትሽ በዚያ ቀን ሲወጣ» አለች እናትየው በዝግታ፣ «ጓደኛው ማቴውስ ‹ዛሬ ተው› ብሎት ነበር። አባትሽ ሳቀበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስንቁን ጠቅልዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ዴኦሊንዳ እናቷን አቀፈቻት። አስራ ሦስት ዓመት ውሃ አይነሳ ያለችው ለምን እንደነበር አሁን ገባት።

ዶና ፌሊስቤርታ እንባዋን ጠርጋ ናፍታልን አስጠራችው።

«ቁጭ በል። ዛሬ ነፋሱ ባይመጣ ኖሮስ?»

«ተሰድቤ እገባ ነበር። ለምጄዋለሁ።»

«ልጄን ትወዳታለህ?»

«እወዳታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ሰው ይውሰዳት አልክ?»

«ፈርቼ ነው እናቴ።»

«ፍራ» አለችው። «ፍራ ልጄ፣ አትተወው። ግን ከአጠገቧ ሆነህ ፍራ።»

ዴኦሊንዳ ቀና ስትል ናፍታል ያያታል። ከጉብታው ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

መርከቧ በመጣችበት ጠዋት ባህሩ ረግቶ ነበር። ዶና ፌሊስቤርታ ብቻዋን ልትሄድ ተነሳች፤ ልጇ አንድ ወር ቀርቷታል፣ ትጨርስ አለች። ወደ መርከቧ ለመድረስ የናፍታልን ጀልባ መረጠች። ካፑላናዋን ግን ዛሬ አልተከናነበችም። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠችና፣

«ስማ» አለችው። «ሽማግሌዎችህን ኡሎንግዌ ላካቸው። ከማፑቶ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ነው። ደግነቱ መንገዱ በሙሉ መሬት ነው።»

ዴኦሊንዳ ዳር ቆማ ጀልባው ሲርቅ አየች። የምትወዳቸው ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ውሃው ላይ ነበሩ። ቀሚሷን በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። እናቷ መሰላሉን ወጥታ መርከቧ ውስጥ ስትገባ አየች። ከዚያ ጀልባው ዞረ። መጀመሪያ ነጥብ ነበር፣ ቀጥሎ ሰው ሆነ፣ ቀጥሎ ናፍታል ሆነ። እስኪደርስ መጠበቅ አልቻለችም፤ ጉልበቷ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብታ የጀልባውን ገመድ ከእጁ ተቀበለችው።